ያላጎነበሰው ማኅተም

ደብዳቢ የደበደበው ሰው ራስ ሥር ትራስ ያስገባል እንዴ?

ኢንስፔክተር ሃናዋ ይህን የጠየቀችው ሰውን አልነበረም፤ ወለሉን ነው። የትምህርት ቤቱ ቦርድ የሚሰበሰብበት ክፍል ሰሌን በአንድ በኩል ደም ነክቶታል። እዚያው ላይ ለሁለት የታጠፈ የመቀመጫ ትራስ አለ። ከትራሱ ጎን እርጥብ ፎጣ፣ ከፎጣው ጎን የተገለበጠ ዝቅተኛ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጎን ደግሞ አፏን የከፈተች ትንሽዬ የሐር ከረጢት። ከረጢቷ ባዶ ናት።

«ደሙ ሁለት ሜትር ከሃያ ድረስ ፈሷል» አለ ሳጅን ሞጊ፣ መለኪያውን ዘርግቶ እየጻፈ።

«እሱ የኔ ሻይ ነው» አለች ወጥ ቤቷ።

ሞጊ የጻፈውን ሰረዘ።

ወጥ ቤቷ አፍንጫዋን ጠርጋ ነገሩን ተናገረች። ሁልጊዜ ከከተማው ድምፅ ማጉያ የአሥራ አንድ ሰዓቱ ዜማ ሲለቀቅ የገብስ ሻይ ይዛ ትገባለች። ዛሬ ረቡዕም ገባች። መምህርት ሺጌኖ ወድቀው አገኘቻቸው። አሥር ተኩል ላይ በሰላም ወደዚህ ክፍል ሲገቡ አይታቸው ነበር።

«ከረጢቷ ውስጥ ምን ነበር?»

«ማኅተማቸው ነዋ! ከአንገታቸው የማይለይ። ለሸለብታ ጋደም ሲሉ ብቻ አውልቀው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧታል። የሰው ልጅ ማኅተም ለመስረቅ የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት ይጥላል? እንዲያው ምን ጉድ ነው!»

ሺጌኖን በወደብ ከተማችን በኢሶባና የማያውቅ የለም። ዓይነ ስውር ሆነው ተወለዱ። ከሃምሳ ሁለት ዓመት በፊት በዓሣ ማድረቂያ ዳስ ውስጥ ሦስት ዓይነ ስውራን ልጆች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ዛሬ ከባሕሩ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ፣ ሃያ ሦስት ልጆች የሚያድሩበት ትምህርት ቤት ሆኗል። ወደ ላይ የሚያስወጡት ሰባ አንድ የድንጋይ ደረጃዎች ናቸው። እኛ ዓይናሞቹ ቀና ስንል እያደናቀፉን ሦስት ጊዜ እናርፋለን፤ ልጆቹ ይሮጡባቸዋል።

ሺጌኖ አሁን ሆስፒታል ናቸው። ራሳቸውን አያውቁም።

*

ሐሙስ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ስልክ ተደወለ። ከክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቢሮ ነው።

«የቦርዱ ውሳኔ በፖስታ ደርሶናል። እንኳን ተስማማችሁ! ቅዳሜ ጠዋት ሁለት አውቶቡስ ልከን ልጆቹን ወደ ከተማው ትምህርት ቤት እናዛውራለን።»

ስልኩን ያነሣችው ሃናዋ ነበረች። ሻይዋን ልትውጥ ረሳች።

የትምህርት ቤቱን ቦርድ ሕግ ያኔ ሞጊ አስረዳት። አባላቱ አራት ናቸው፤ ሰብሳቢው ኡዳጋዋ፣ ሺጌኖ፣ ሴራና ካጂ። ትምህርት ቤቱን ከቦታው ለማንሣት በፊርማ ፈንታ የአራቱም የግል ማኅተም ያስፈልጋል። ሦስቱ ማክሰኞ ዕለት አድርገዋል። ሺጌኖ ግን «እምቢ» ብለው ሳጥናቸውን ባዶ ትተው ወጥተዋል። ከዚያ በፊት ሁለቴ በቃል እምቢ ብለዋል፤ ሳጥን ባዶ ሲተዉ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«እና ረቡዕ አንድ ሰው ሞላላቸው» አለች ሃናዋ።

«ሞልቶ ፖስታ ቤት ከተተው።»

«የቦርዱን ቃለ ጉባኤ በሙሉ አምጣልኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ያመጣው የቦርዱ ጸሐፊ ኦሪቤ ነው። ኦሪቤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሲያዩት ግን ገና ሲወለድ አዋላጇን ይቅርታ የጠየቀ ይመስላል። ዘጠኝ ወፍራም መዝገቦች በጋሪ እየገፋ ገባ።

«ይቅርታ፣ አቧራ አለበት። ይቅርታ፣ ከባድ ነው። ይቅርታ፣ የርክክብ ወረቀት ላይ ማኅተም ያደርጉልኛል?»

ሃናዋ አደረገች። እሱም ከጎኗ አደረገ። ወረቀቱን ሳታየው ኪሷ ከተተችው።

«ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ፖስታ ቤት። ይቅርታ፣ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። የፖስታ ቤቷ ሴት ታውቀኛለች።»

ሃናዋ «ፖስታ ቤት» ብላ ጻፈች። ቀጥላ ገጹን ገለበጠች።

*

ሃምሳ ሁለት ዓመት። በየወሩ አንድ ስብሰባ። ስድስት መቶ ሃያ አራት ወረቀት።

ሃናዋና ሞጊ መዝገቦቹን ሲያገላብጡ ምሳ ሰዓት አለፈ፤ የሩዝ ጥቅላቸው በላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ደረቀ። በያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ የተደረደሩ ሳጥኖች አሉ። በስተግራ ጫፍ የሰብሳቢው፣ ቀጥሎ የሺጌኖ፣ ከዚያ የሌሎቹ አባላት፣ በስተቀኝ ጫፍ ደግሞ የጸሐፊው። ክብ ክብ ቀይ ማኅተሞች።

«ሞጊ፣ አንተ ሪፖርት ላይ ማኅተምህን እንዴት ነው የምታደርገው?»

ሞጊ ተቅለሰለሰ። «ትንሽ ወደ ግራ ዘመም አድርጌ ነዋ። የእርስዎ ሳጥን በግራ ስለሆነ… እጅ መንሣት ነው። ሥራ ስገባ የመጀመሪያው አለቃዬ ነው ያስተማረኝ፤ ቀጥ አድርገህ ብትመታ 'ማን ነኝ ብሎ ነው' ይሉሃል ብሎ።»

እውነቱን ነው። የሞጊ ማኅተም ለሃናዋ ያጎነብሳል፣ የሃናዋ ለአዛዡ። የአዛዡ ለማን እንደሚያጎነብስ አይታወቅም፤ ለሚስቱ ሳይሆን አይቀርም።

«እሺ፣ አሁን የመምህርት ሺጌኖን እያቸው።»

ሞጊ አየ። አንዱን ገጽ፣ አሥሩን፣ መቶውን። ቀስ በቀስ አፉ ተከፈተ።

ቀጥ ያለ ነው። ሁሉም! ሦስት ሰብሳቢዎች መጥተው ሄደዋል። ከንቲባ የመራው ስብሰባ አለ፤ ከዋና ከተማ ሹም የመጣበት አለ፤ ያን ዕለት የሁሉም ማኅተም በነፋስ እንደተመታ ሸምበቆ ግራ ጎኑ ላይ ወድቋል። የሺጌኖ ግን ከሳጥኑ ግራ መስመር አንድ የጥፍር ስፋት ርቆ፣ እንደ ምሰሶ ቆሟል። ስድስት መቶ ሃያ ሦስት ጊዜ። በማያይ ዓይን!

«እንዴት አድርገው?» አለ ሞጊ በሹክሹክታ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንዳለ ሰው።

«በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይለኩታል መሰለኝ። ግን ጥያቄው እሱ አይደለም።» ሃናዋ ከክፍለ ሀገሩ በመልእክተኛ የመጣውን የመጨረሻውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይኼንን እይ።»

ስድስት መቶ ሃያ አራተኛው የሺጌኖ ማኅተም ወደ ግራ፣ ወደ ሰብሳቢው፣ አጎንብሷል። ያውም ግንባሩ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው።

*

ሰብሳቢው ኡዳጋዋ የቀድሞ የመርከብ ፋብሪካ ጌታ ነው። ረቡዕ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አንድ ሽማግሌዎች ጋር በእንጨት መዶሻ ኳስ ሲመታ ነበር። ሐሙስም እዚያው ሜዳ ላይ ነው የተገኘው።

«እኔ ሺጌኖን ልጥላት?» አለ፣ ኳሱን እያነጣጠረ። «ሃምሳ ዓመት ስፈራት ኖሬ? አሁን በሰማንያዬ ወኔው ከየት ይመጣልኛል?»

«ታዲያ ለምን ይነሣ ይላሉ?»

ኡዳጋዋ መዶሻውን አወረደ። «ከመኝታ ክፍሎቹ ጀርባ ወጥተሽ አይተሻል? አምና መሬቱ ላይ ጣቴ የምትገባበት ስንጥቅ ነበር። ዘንድሮ ክንዴ ይገባል። እሑድ ትልቁ ዝናብ ይገባል ብሏል ሬዲዮው። እሷ ምን ትለኛለች መሰለሽ? 'ልጆቼ እያንዳንዱን ደረጃ በእግራቸው ያውቁታል፤ ከተማ ውስጥ ማን ያስተምራቸዋል?' ምን ልበላት?»

«ለማንም ሰው አጎንብሰው ያውቃሉ?»

«ለወገብ ሐኪሜ» አለና ኳሱን መታ። አላገኘውም።

እሱ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሌሎች ሲያጎነብሱለት የኖረ እጅ እንዲህ ዝቅ ማለት ከየት ይማራል?

ካጂ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የልጅ ልጁ ሚዎ እዚያ ትማራለች። የሱ ማኅተም አንዴ ተዘቅዝቆ፣ አንዴ ተደፍጥጦ ነው የሚገኘው። ረቡዕ ባሕር ላይ ነበርኩ አለ።

«ጋሼ ካጂ» አለች ሃናዋ፣ «ጀልባዎ ውስጥ ድመት ወልዳለች። አራት ግልገል። ሳምንት ይሆናቸዋል። ባሕር ላይ ይዘዋቸው ነው የሚወጡት?»

ካጂ ጆሮው ቀላ። ዙሪያውን ቃኘ። ከጃኬቱ ውስጥ ወፍራም ወረቀት አወጣ፤ በነጠብጣብ ተበሳስቷል።

«ለሰው እንዳትነግሪ። በየረቡዑ ሕዝብ አዳራሽ እየሄድኩ የነሱን ፊደል እማራለሁ። ለሚዎ ደብዳቤ ልጽፍላት። ዓመት ከመንፈቄ ነው።» ጣቶቹን ዘረጋ፤ ገመድና ጨው ያደነደናቸው፣ የመቅዘፊያ እጀታ የሚያህሉ። «ነጠብጣቡ አይሰማኝም። ምንም! ስለዚህ በምላሴ ነው የማነበው።»

ሞጊ ሊስቅ ነበር። የሃናዋን ፊት ሲያይ ተወው። መምህሩም በኋላ እውነት ነው አለ፤ ረቡዕ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ካጂ «ውድ ሚዎ» የሚለውን ሲልስ ነበር።

*

የቀረው አባል ሴራ ነው። ሴራ ሠላሳ አምስት ዓመት ማዘጋጃ ቤት ሠርቶ፣ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ጡረታ የወጣ። ረቡዕ ቤቱ ብቻውን ነበር። የሱ ማኅተም ደግሞ በያንዳንዱ ወረቀት ላይ ለሰብሳቢው ያጎነብሳል። ዓርብ ጠዋት ሞጊ ካቴናውን አዘጋጅቶ ነው የሄደው።

ሴራ ወረቀቱን ከመነጽሩ በላይ አየው።

«የኔ እጅ አይደለም።»

«እርስዎም ወደ ግራ ነው የሚያዘሙት።»

«ልጄ፣ ጎንበስ ማለት ደረጃ አለው።» የራሱን ማኅተም በጣቱ ነካ። «ይኼ የክፍል ኃላፊ እጅ መንሣት ነው። አንገት ብቻ። ይኼኛው ግን…» የሺጌኖን አሳየ። «ይኼ ከወገብ ነው። ኃላፊ ሆኖ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

ሃናዋ ሁለቱን አስተያየች። የሰማችው ነገር እውነት ስለሆነ ተናደደች።

«ታዲያ ስለ ማኅተም ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው፣ ትምህርት ቤቱ ይነሣ ብሎ ሲያትም ምን አሰበ?»

ሴራ መነጽሩን አወለቀ። ለረጅም ጊዜ ጠረገው።

«ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ኩሮታኒ መንደር ላይ ተራራ ወረደ። ሕዝቡ ይውጣ የሚለው ትእዛዝ ማዘጋጃ ቤት ተጽፎ ነበር። ግን ሰባት ማኅተም ያስፈልገዋል። አንድ የኔ ጸሐፊ ወረቀቱን ይዞ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሮጠ። አንዱ ምሳ ላይ ነው፣ አንዱ ስልክ ላይ ነው፣ አንዱ 'ከኔ በፊት ያለው ለምን አላደረገም' ይላል። አምስተኛው እኔ ነበርኩ። ሻይ ጨርሼ ነው ያደረግኩት።» መነጽሩን መለሰ። «ሰባተኛው ማኅተም ሲያርፍ ከኩሮታኒ ስልክ የሚያነሣ ሰው አልነበረም። አሥራ አንድ ነፍስ።»

ሞጊ ካቴናውን ኪሱ ውስጥ ዝም አሰኘው።

ያ ጸሐፊ ማን ነበር? ብላ ብትጠይቅ እዚያው ያልቅ ነበር። ጠይቂ እንጂ ሴትዮ! አልጠየቀችም። ጸሐፊን ማን ይጠይቃል?

*

ዓርብ እኩለ ቀን ሃናዋ መዝገቦቹን ልትመልስ ሰባ አንዱን ደረጃ ወጣች። በኮሪደሩ ስትገባ በድን ሆነች። ሃያ ሦስቱም ልጆች ጫማቸውን አውልቀው፣ በረድፍ፣ ጉንጫቸውን እንጨቱ ወለል ላይ አጣብቀው ተኝተዋል። አንድም አይተነፍስም።

«ምን ሆናችሁ?!»

«እሽ!» አለች ከሁሉ ታናሿ ልጅ። «አክስቴ፣ ዝም በይ።»

ሃናዋ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። «እህቴ ብትዪኝስ?»

«ድምፅሽ የአክስት ነው» አለች ልጅቷ። ያች ናት ሚዎ፣ የካጂ የልጅ ልጅ። «ተኚና ስሚ። ተራራው ጥርሱን እያፋጨ ነው።»

ኢንስፔክተር ሃናዋ ከነመለያ ልብሷ ወለል ላይ ተኛች። ጉንጯን ለጠፈች። መጀመሪያ የራሷን ልብ ሰማች። ቀጥሎ የማእድ ቤቱን ማቀዝቀዣ። ቀጥሎ…

ከሥር ነው። በጣም ከሥር። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ የማይቸኩል ነገር ሲዞር። ይቆማል፤ ትንፋሽ የሚወስድ ይመስላል። እንደገና ይዞራል። የሰው ነገር አይደለም። ከኢሶባና በፊት፣ ከባሕሩ ስም በፊት የነበረ ነገር እንቅልፉን እየጨረሰ ነው። ሃናዋ ጆሮዋን ልታነሣ ፈለገች፤ ደግሞ አልፈለገችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች፣ ጉንጯን ከወለሉ ሳታነሣ።

«ከበረዶው በኋላ። ለመምህራን ነገርናቸው። ማቀዝቀዣው ነው አሉን።» ሚዎ አፍንጫዋን ነፋች። «ማቀዝቀዣ እንደማናውቅ! ያመነን ጋሼ ኦሪቤ ብቻ ነው። በየቀኑ አብሮን ወለሉ ላይ ጋደም ይላል። ሲነሣ ያለቅሳል፤ የማንሰማው ይመስለዋል።»

ሃናዋ ቀና ስትል ኦሪቤ በሩ ላይ ቆሟል። ሌላ የርክክብ ወረቀት ይዟል።

«ይቅርታ፣ መዝገቦቹ መመለሳቸውን… ማኅተም ያደርጉልኛል?»

እሷ አደረገች። እሱም ማኅተሙን ቀይ ቀለም አስነክቶ፣ ከጎኗ ካለው ሳጥን ላይ አኖረው። በዚህ ጊዜ አየችው። እጁ ሳይታዘዝ ሄደ። አንጓው ወደ ግራ ተጠመዘዘ፣ ትከሻው ተከተለ፣ አንገቱም ተከተለ። ሰውየውም ማኅተሙም አንድ ላይ ከወገብ አጎነበሱ።

ሃናዋ ከኪሷ የመጀመሪያውን የርክክብ ወረቀት አወጣች። ሁለት ቀን ኪሷ ውስጥ ይዛው ስትዞር የነበረውን! የሐሰቱን ውሳኔም አወጣች። አምስተኛውን ሳጥን፣ የጸሐፊውን፣ ማንም የማያየውን፣ አየች። ሦስቱ አንድ ናቸው።

«ኦሪቤ» አለች። «ረቡዕ ፖስታ ቤት ምን ልትልክ ነበር የሄድከው?»

«ውሳኔውን» አለ ኦሪቤ። «ይቅርታ። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።»

*

በእጅ መሐረብ የጠቀለለውን የሺጌኖ ማኅተም አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አልመታኋቸውም። ተኝተው ነበር። ከረጢቷ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። አተምኩ። ሲነቁ 'ማን ነው?' አሉ። መልስ መስጠት አቃተኝ። ሊነሡ ሲሉ ጠረጴዛው አደናቀፋቸው። ወጥ ቤቷ ዜማው ሲለቀቅ እንደምትገባ አውቃለሁ። ትራስ አደረግኩላቸው፣ ፎጣ አደረግኩላቸው፣ ሮጥኩ። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነበር።»

«ጥለሃቸው ሄድክ።»

«ጥያቸው ሄድኩ።» እጆቹን አየ። «የኩሮታኒን ወረቀት የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰባቱም ጠረጴዛ ፊት ቆሜ አጎንብሼ ጠበቅኩ። አንዱንም ኃላፊ 'ፍጠኑ' አላልኩም። አሥራ አንድ ሰው ሞቶ እኔ ጨዋ ነበርኩ። ዘንድሮ እነዚህን ልጆች ሰማኋቸው… ሁለተኛ አልጠብቅም አልኩ። እሰሩኝ። ወረቀቱ ግን እስከ ቅዳሜ ይቆይ። እባክዎ።»

ሃናዋ ስልኩን አነሣች። አዛዡ ጮኸ። የሐሰት ማኅተም ያለበት ውሳኔ ዛሬውኑ ይሰረዛል አለ፤ አውቶቡሶቹም ይቀራሉ። ሕግ ነው። እሑድ ግን ዝናብ ነው።

ስልኩን ዘጋች። ከመሳቢያ አዲስ የውሳኔ ወረቀት አወጣች፤ ሳጥኖቹ ባዶ ናቸው።

«ሞጊ! ሞተርህ ነዳጅ አለው?»

*

መምህርት ሺጌኖ ነቅተዋል። ራሳቸው በፋሻ ተጠምጥሟል፤ ነርሷን ሾርባው ውኃ ነው ብለው እየተቆጡ ነበር።

«ፖሊስ ነሽ። ቀበቶሽ ይጮሃል» አሉ።

«ረቡዕ ማን እንደነበር አውቀዋል?»

«እኔ ዕውር ነኝ፤ ምን አየሁ ልበል?»

«ሰምተዋል ግን።»

ሺጌኖ ፈገግ ያሉ መሰለ። «ወድቄ ሳለ ይቅርታ ሲለኝ ሰማሁ። እስከ አሥራ አራት ድረስ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ራሴን ሳትኩ። ኢሶባና ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ይቅርታ የሚል ስንት ሰው አለ? ያዝሽው?»

«ይዤዋለሁ።»

«ወረቀቱስ?»

«ይሰረዛል። ልጆቹ ይቆያሉ። እርስዎ እንዳሉት።»

ይህን ስትል ሃናዋ የአሮጊቷን ፊት አየች። ደስታ አልነበረበትም።

«መምህርት፣ እኔ ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ተኛሁ። ሰማሁት።» ከዚህ በላይ እንዴት ብላ ትንገራቸው? በብርድ ልብሱ ላይ ጣቷን አኑራ ቀስ ብላ ፋቀች፤ ቆመች፤ እንደገና ፋቀች። ሺጌኖ ጆሯቸውን ሰጡ። የሃናዋን ጣት በመዳፋቸው ከድነው አስቆሙት።

«ልጆቹ መጀመሪያ የነገሩት ለማን መሰለሽ?» አሉ። «ለኔ ነው። እኔ አርጅቻለሁ፤ ጆሮዬ ወለሉን ትቶታል። ምንም አልሰማም ማለት አፈርኩ። 'ማቀዝቀዣው ነው' ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እነዚህን ልጆች እመኑ እያልኩ በየስብሰባው ስጮህ… ማቀዝቀዣው ነው አልኳቸው።»

በሩ ተከፈተ። ሞጊ ነው፣ ላብ በላብ። አዲሱን ወረቀት ይዟል። ከኳስ ሜዳ፣ ከሴራ ቤት፣ ከወደብ፣ ከእስር ክፍል፣ በአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሰብስቦታል። ሴራ ሻዩን ጥሎ በካልሲው መንገድ ድረስ ወጥቶ ነው ያተመው።

«ትምህርት ቢሮው አሥራ አንድ ከሩብ ይዘጋል!» አለ።

ሃናዋ ማኅተሙን ሺጌኖ መዳፍ ላይ አኖረች። አሮጊቷ በጣታቸው አሻሹት።

«ኦሪቤም አድርጓል?»

«ጸሐፊ እስከሆነ ድረስ አድርጓል።»

«የሱ ሳጥን በየት በኩል ነው?»

«በስተቀኝ ጫፍ። የመጨረሻው።»

ሺጌኖ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር የሳጥኑ መስመር ላይ አሳረፉ። ከዚያ ማኅተሙን ተጫኑት። ሞጊ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ ብሎ፣ ወረቀቱን አጥፎ ሮጠ። ማንም ልብ ብሎ አላየውም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ሦስቱ ልጆች ሰባ አንዱን ደረጃ ወረዱ። ማንም አልሮጠም። በያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለት እግራቸውን ገጥመው እየቆሙ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው እየጠሩ ወረዱ። ታች ሲደርሱ ሚዎ ዞራ «አበቃ» አለች። ካጂ ደብዳቤውን ሰጣት። በጣቷ አነበበችው። «አያቴ፣ ምራቅ ይሸታል» አለችና ደረቱ ውስጥ ገባች።

እሑድ ዘነበ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሁላችንም ወደቡ ላይ ነበርን። መጀመሪያ ወፎቹ ሄዱ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ከጆሮ ሳይሆን ከእግር የሚገባ ድምፅ። ተራራው ትከሻውን ነቀነቀ። ዛፎቹ ሳይወድቁ፣ እንደቆሙ፣ እንደ ሰልፈኛ ወደ ታች ተራመዱ። የመኝታ ክፍሎቹን፣ ኮሪደሩን፣ የቦርዱን ክፍል አልፈውባቸው ባሕሩ ድረስ መጡ። ባሕሩ ተነሣ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ከዚያ ዝምታ። ኡዳጋዋ ኮፍያውን አወለቀ። ሴራ ተንበረከከ። አንድም ሰው አልጮኸም፤ እንደዚያ ዓይነት ነገር ፊት ምን ብለህ ትጮኻለህ?

ሰኞ ሃናዋ የኦሪቤን መዝገብ ልትዘጋ ተቀመጠች። ሐሰተኛ ማኅተም፣ የተጎዳን ሰው ጥሎ መሄድ። ሁሉንም ጻፈች፤ ምንም አልደበቀችም። በመጨረሻ ከክፍለ ሀገሩ የመጣውን አዲሱን ውሳኔ ልታያይዝ አወጣችው። መጀመሪያ ወረቀቱ የዞረባት መሰላት።

ስድስት መቶ ሃያ አምስተኛው የሺጌኖ ማኅተም ቀጥ ብሎ አልቆመም። ወደ ግራም አላዘመመም። ጀርባውን ለሰብሳቢው ሰጥቶ፣ ሴራን አልፎ፣ ካጂን አልፎ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ መጨረሻዋ ሳጥን፣ ከወገቡ አጎንብሷል።

ሃናዋ ወረቀቱን ይዛ ወደ እስር ክፍሉ ወረደች። በፍርግርጉ አሳየችው።

ኦሪቤ አየው። ከንፈሩ ሊል የለመደውን ሊል ተከፈተ።

ይቅርታ አላለም። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።